ግድግዳ ቀብቶ ለፕሮጀክተር፦ የቱ ቀለም፣ ስንት እጅ? (ጎንደር)

የማራኪው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ቀብቼ የፕሮጀክተር ስክሪን ላደርገው ነው። ልኩን ላስቀምጥላችሁ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ስፋቱ 3 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ70። አሁን ያለበት ክሬም ቀለም ሲሆን በመስኮቱ በኩል ቆመው ሲያዩት ያብረቀርቃል። ከዚህ ግድግዳ እስከ ፊት ለፊቱ 4 ሜትር ከ20 አለ። ፕሮጀክተሩ ኤልኢዲ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «9000 ሉመን» ይላል። ያሰብኩት 100 ኢንች ነው።

ፒያሳ አንዱ ቀለም ቤት «ኳርትዝ ውሰድ፣ አይለቅም» አለኝ። ሌላው «ሲንተቲክ ነው የሚያጠራልህ» አለ። ሰው ደግሞ ግራጫ ነው ይላል። የቱን ልያዝ? ስንት ሊትር ይበቃል? ከግድግዳው በግራ በኩል ታች ቡና የሚፈላበት ጥግ ስለሆነ ጠቆር ብሏል፤ እላዩ ላይ ብቀባበት ችግር አለው?

ሩሎ፦

ወንድሜ፣ ኳርትዙንም ሲንተቲኩንም ተዋቸው። ኳርትዝ ለውጭ ግድግዳ የተሠራ፣ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ቀለም ነው። ዝናብ ይችላል፤ ለስክሪን ግን ይሻክራል። በተለይ ነጭ ነገር ሲታይ፣ ሰማይ ወይም የኳስ ሜዳ መስመር፣ ምስሉ ላይ ነጥብ ነጥብ የሚል ነገር ይመጣብሃል።

ሲንተቲክ፣ ማለትም የዘይት ቀለሙ፣ ሁለት ጥፋት አለው። ያብረቀርቃል፤ የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ላይ ሲበራ መሐሉ ላይ የደመቀ ክብ ይወጣል፣ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፣ ከወንበርህ ተነስተህ ወደ ጎን ስትሄድ ክቡም ተከትሎህ ይሄዳል። ሌላው፣ ነጭ ዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ክፍል ውስጥ ቶሎ ቢጫ ይሆናል። አንተ ደግሞ ክፍሉን ልታጨልመው ነው።

የሚያስፈልግህ የውስጥ ፕላስቲክ ቀለም ነው፦ ነጭ፣ ማት (የማያብረቀርቅ)። ማት መሆኑ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ ካላየህ አትክፈል። «ሲልክ»፣ «ሰሚ ግሎስ»፣ «የሚታጠብ» የሚሉት ሁሉ የተወሰነ አብረቅራቂነት አላቸው። «ኦፍ ዋይት» ካሉህም ተመለስ። አንዳንድ ቀቢ ነጩ ይበልጥ እንዲነጣ ብሎ ሰማያዊ ጠብ ያደርግበታል፤ ለሳሎን ያምራል፣ ለስክሪን የሰው ፊት ያገረጣል። እንዳይጨምርበት አስቀድመህ ንገረው።

መጠኑን እንየው። 100 ኢንች የሚባለው ሰያፉ ነው፤ በ16 ለ9 (የስፋትና የቁመት ምጣኔ) ስፋቱ 221፣ ቁመቱ 125 ሳንቲ ነው። ዙሪያውን 15 ሳንቲ አትርፈህ ስትቀባ ወደ 4 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ለአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል። ሦስት እጅ ብትቀባ ከ1 ሊትር ተኩል አያልፍም። አንድ ጋሎን ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈውን አፉን ጥሩ አድርገህ ዘግተህ አስቀምጠው፣ ይፈለጋል።

አሁን ግድግዳው። ሰው ሁሉ ስለ ቀለም ይጠይቃል፣ ሥራው ያለው ግን ከቀለሙ በፊት ነው።

መጀመሪያ እርጥበት። 50 በ50 ሳንቲ የሚሆን ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀህ ግድግዳው ላይ ለጥፍና አንድ ቀን ከነሌሊቱ አቆየው። ከላስቲኩ ጀርባ ጤዛ ካገኘህ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ቀለም ብትቀባ ይነፋል፣ ይላጣል። እዚህ አገር ክረምቱን የጠጣ ግድግዳ መስከረም ላይ ደርቆ ቢመስልም ውስጡ ገና ነው። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሥራው ይቀላል። ልስኑ አዲስ ከሆነ ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላው አትንካው፤ ሲሚንቶው ገና ኃይለኛ ስለሆነ ቀለሙን ይበላዋል፣ ነጭ ጨውም ያወጣል።

ቀጥሎ ያን አብረቅራቂ ክሬም በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ አደብዝዘው። መፋቅ አይጠበቅብህም፤ ብርሃኑ እስኪጠፋ ብቻ ነው። ይህን ካላደረግህ በኋላ ለማለስለስ የምትስበው ስቱኮ የሚይዘው ነገር አያገኝም፣ በዓመቱ እንደ ቂጣ ተገልብጦ ይነሳል። ከዚያ በለብታ ውሃና በኦሞ እጠበው፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀው። ኦሞው ከቀረበት እሱም ራሱ ቀለም አያስይዝም።

የጠቆረው ጥግ ከስክሪኑ ክልል ውጭ ሊሆን ይችላል፣ ለካው። የስክሪኑን ታች ከወለል 75 ሳንቲ ላይ ካደረግህ ላዩ 2 ሜትር ላይ ያልቃል። ጥላሸቱ ወደ ክልሉ ከገባ ግን ዝም ብለህ አትቀባበት። የውሃ ቀለም ጥላሸቱን ያረጥበውና ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሦስት እጅ ብትደርብም ቡናማ ጥላ ሆኖ ይወጣል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አንድ እጅ የዘይት ስር ቀለም ቀባ፣ 24 ሰዓት አድርቀው፣ በ120 ቁጥር አሻክረው። ዘይት የሚያገለግልህ እዚህ ጋ ብቻ ነው፤ ላዩን ስለምትሸፍነው ቢጫ ቢሆንም አይታይም።

ማታ መብራቱን አጥፋና የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግተህ ወደ ጎን አብራ። ጉድጓዱም ጉብታውም ጥላ እየጣለ ይቆጠርልሃል። በእርሳስ ክበበው። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር ግን አይሆንም፣ ከሦስተኛው እጅ ቀለም ላይ ሳይቀር ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም አስደግፈህም እይ፤ ከጀርባው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ በስቱኮ የሚደፈን አይደለም፣ ለሳኝ ጥራ።

ስቱኮውን በሰፊ ስፓቱላ፣ 25 ወይም 30 ሳንቲ በሆነው፣ አንዱን እጅ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ከግራ ወደ ቀኝ ሳበው። እያንዳንዱ ከ1 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ወፍራም ስቱኮ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከመደረቡ በፊት የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ መንጣት አለበት። ከዚያ 120 ቁጥር፣ ቀጥሎ 220። ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልለህ ፈግፍግ። በባዶ እጅ ከያዝከው ጣቶችህ ቦይ ይቆፍራሉ፤ በባትሪ ስታየው አራት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብናኙን በደረቅ ብሩሽ አራግፍ፣ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጥረግ።

ቀለሙን ሳታማስል እንዳትነካ። ማት የሚያደርገው ዱቄት ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይቀመጣል። ከላይ ከላዩ ከጨለፍክ የምትቀባው ከፊል አብረቅራቂ ነው፤ «ማት ብዬ ገዝቼ አበራ» የሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚስቱት። በእንጨት አምስት ደቂቃ ከታች ወደ ላይ እየገለበጥክ አማስል፣ በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልል።

የመጀመሪያው እጅ 20 በመቶ ውሃ ይግባበት፤ ስቱኮው የሚጠጣውን ይጠጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከ10 በመቶ አይለፍ። ሩሎው ጸጉሩ አጭር ይሁን፣ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር። ረጅም ጸጉር የብርቱካን ልጣጭ ያወጣል። አዲስ ሩሎ ጸጉሩ ይረግፋልና አስቀድመህ እጠበው፣ ሲደርቅ ፕላስተር ጠቅልለህበት ንቀለው። በስክሪኑ ክልል ውስጥ ብሩሽ እንዳታስገባ።

ስትቀባ መስኮቱን ዝጋ። በበጋ የጎንደር ነፋስ ደረቅ ነው፣ ጫፉን ሳትደርስበት ያደርቀዋል፤ የደረቀው ላይ እርጥቡ ሲደረብ መስመር ይቀራል። 60 ሳንቲ፣ 60 ሳንቲ እያልክ በአንድ በኩል ጀምረህ በሌላው ጨርስ፣ መሐል ላይ ስልክ አታንሳ። በየመደቡ መጨረሻ ሩሎውን ሳትጫነው ከላይ ወደ ታች ብቻ አንድ ጊዜ አሳልፈው። አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች ከጨረስከው ሲበራ ሁለት ዓይነት ነጭ ሆኖ ይታያል። ያመለጠህን ቦታ ግማሽ ደርቆ ካየኸው ተወው፣ በሚቀጥለው እጅ ይሸፈናል። በእጅና በእጅ መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ደመና ከሆነ እስከ ነገ። በየመካከሉ በ220 ቁጥር ቀለል አድርገህ ዳስስ።

ጨለማ፦

በግድግዳው ላይ የምጨምረው የለኝም። ቀለሙን ከመግዛትህ በፊት ግን ፕሮጀክተሩን አሁን ባለው ግድግዳ ላይ ጥቂት ማታ አብራው፤ 100 ኢንች የምትለው ቁጥር ይቀየር ይሆናል።

ሉመን ማሽኑ የሚያወጣው የብርሃን መጠን ነው፤ ካርቶኑ ላይ ከ«ሉመን» ፊት «አንሲ» (ANSI፣ በመደበኛ ዘዴ የተለካ) የሚል ከሌለ 9000ው ማስታወቂያ ነው። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ኤልኢዲዎች በትክክል ሲለኩ ጥቂት መቶ ናቸው። መለካት ከፈለግህ ነጭ ምስል አብራ፣ ስክሪኑን በሐሳብህ ዘጠኝ እኩል ሣጥን ክፈለው፣ በየሣጥኑ መሐል የብርሃን መለኪያ ወደ ፕሮጀክተሩ አዙረህ ሉክሱን (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈውን ብርሃን) አንብብ። የዘጠኙን አማካይ በስክሪኑ ካሬ ሜትር ስታባዛ ሉመኑን ታገኘዋለህ። የስልክ መተግበሪያም ግምት ይሰጥሃል፣ ግን በጣም አትመነው።

ሲኒማ ቤት የሚሠራበት መለኪያ በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው፤ ካንዴላው ከስክሪኑ ወደ ዓይን የሚመለሰው ድምቀት ነው። ማት ነጭ ግድግዳ ላይ ይህን ለማግኘት 150 ሉክስ ገደማ ይፈልጋል፤ 100 ኢንች ደግሞ 2.76 ካሬ ሜትር ስለሆነ 415 ሉመን ማለት ነው። ያንተ 250 ቢሆን 29 ካንዴላ ላይ ትቀራለህ። ይታያል፣ ግን ማታ የተቀረጸ ትዕይንት ሲመጣ ማን ማንን እንደመታ አታውቅም። ያንኑ ፕሮጀክተር ወደ 80 ኢንች ብታወርደው፣ 177 በ100 ሳንቲ፣ 45 ካንዴላ ትደርሳለህ። ምንም ዓይነት ቀለም ይህን ያህል አይጨምርልህም።

ስለ ግራጫው። «ጥቁሩን ያጠቁራል» ይባላል፣ እውነት ነው። ነጩንም በዚያው ልክ ያጠቁረዋል። በመስኮት የሚገባውን ብርሃንም ሆነ የፕሮጀክተሩን እኩል ነው የሚበላው፣ መርጦ አይበላም። የሚጠቅመው በአንድ ሁኔታ ነው፦ ፕሮጀክተሩ ጠንካራ ሆኖ፣ 1500 አንሲና ከዚያ በላይ፣ ጣራውና የጎን ግድግዳው ደግሞ ነጭ ሲሆን። ከስክሪኑ የተነሳው ብርሃን ጣራውን መትቶ ተመልሶ ጥቁሩን ያነጣዋል፤ ግራጫ ያን ተመላሽ ይቀንሳል። ላንተ ማሽን ነጭ።

በግራጫው ፋንታ ከስክሪኑ ፊት ያለውን የጣራ አንድ ሜትርና የጎን ግድግዳዎቹን አንድ አንድ ሜትር ጠቆር ባለ ማት ቀለም ቀባ፣ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ወጥር። ለውጡን በዓይንህ ታየዋለህ። መጋረጃውም ከመስኮቱ በየጎኑ 20 ሳንቲ ይተርፍ፤ ብርሃን የሚሾልከው በጠርዙ ነው።

ርቀቱን ለማወቅ፦ ማሽኑን ከግድግዳው ልክ 2 ሜትር ላይ አስቀምጥ፣ የምስሉን ስፋት ለካ፣ 2 ሜትሩን በስፋቱ አካፍል። 1.4 ከመጣ 221 ሳንቲ ስፋት ለማግኘት 3 ሜትር ከ10 ያስፈልግሃል። 4.20 አለህ፣ ትደርሳለህ። ሌንሱ ግድግዳውን ፊት ለፊት ይይ። ወደ ላይ አዘንብለህ በማሽኑ ማስተካከያ አራት ማዕዘን ካደረግኸው ከምስሉም ከብርሃኑም ቆርጦ ነው የሚያስተካክልልህ። ቦታው ሲጸናልህ አራቱን ማዕዘን በእርሳስ ምልክት አድርግና ሁለቱን ሰያፍ ለካ፤ ለ100 ኢንች ሁለቱም 254 ሳንቲ መምጣት አለባቸው።

ቀሃ፦

ሁሉንም አይታችሁ የረሳችሁት፣ ነጩ ላይ አንድ ሲኒ የብር ቀለም ጣል ብታደርግበት በጣም ይደምቃል። የሲኒማ ስክሪንም እኮ ብርማ ነው።

ጨለማ፦

ብርማ ስክሪን የሚጠቀሙት በፖላራይዝድ መነጽር የሚታይ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ፊልም የሚያሳዩ ናቸው፤ ብረቱ ያስፈለገው የብርሃኑን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ፣ እንዳያበላሽ ነው። ለዚያውም በፋብሪካ እኩል የተረጨ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የገባ የአሉሚኒየም ዱቄት በሩሎ ሲቀባ ቅንጣቱ እንደ ሩሎው አካሄድ ይተኛል፦ አንዱ መስመር ወደ አንተ ያበራል፣ ጎኑ ያለው ወደ በሩ። ኳሷ በሜዳው ላይ ስትሄድ ጭረት ጭረት እያለፈች ታያታለህ። መሐል የተቀመጠው ሰው ይደምቅለታል፣ ዳር የተቀመጠው ይጨልምበታል። አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም፤ እንደገና ስቱኮ ነው።

የማራኪው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ማሽኑን አብርቼ አየሁት፤ ወደ 90 ኢንች ላወርደው ነው። ጋሼ ሩሎ፣ አነጋገርዎ የባለሙያ ስለሆነ ጋሼ ማለቴን ይቀበሉኝ። ሁለት ነገር ይንገሩኝ። ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ማድረግ ፈልጌ ነበር፤ ፕላስተር ለጥፌ ስቀባ ጥቁሩ ወደ ነጩ እንዳይሾልክ ምን ላድርግ? ደግሞ ወንድሜ 2000 አንሲ ያለው ፕሮጀክተር አለው፣ ክፍሉ ጣራውም ግድግዳውም ነጭ ነው። ለእሱ ግራጫውን እንዴት ልቀምምለት?

ሩሎ፦

ተቀብያለሁ፣ ልጄ።

ጠርዙን ነጩ ከተቀባ ከሳምንት በኋላ ሥራው። ቶሎ ፕላስተር ከለጠፍክበት ነጩን ይዞ ይነሳል። የወረቀት ፕላስተሩን በእርሳሱ መስመር ላይ ከነጩ በኩል ለጥፍ፣ ጠርዙን በጥፍርህ ወይም በማንኪያ ጀርባ ተጫነው። አሁን ጥቁሩን አትቀባ። መጀመሪያ የተረፈህን ያንኑ ነጭ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ቀባው። በፕላስተሩ ስር የሚሾልክ ካለ ነጩ ሾልኮ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ነጭ በነጭ ላይ ደግሞ አይታይም። ሲደርቅ ጥቁር ማት ፕላስቲክ ሁለት እጅ። ሁለተኛው እጅ ገና እርጥበት ሳይለቀው ፕላስተሩን ወደ ኋላ አጥፈህ በዝግታ ሳበው። ከደረቀ በኋላ ከሳብከው ጥቁሩ ይቀደዳል። ወርዱ 8 ሳንቲ ይብቃው። ምስሉን አንድ ሳንቲ ያህል ጥቁሩ ላይ አሳልፈው፣ የማዕዘኑ መጣመም እዚያ ይጠፋል።

ከቀለም የተሻለ ከፈለግህ ጥቁር ከፋይ ነው። 8 ሳንቲ ወርድ ባለው ቀጭን ጣውላ ላይ ወጥረህ ከጀርባው በስቴፕለር ምታው፣ ጣውላውን በፊሸር ግድግዳው ላይ እሰረው። ከፋይ ብርሃን ይውጣል፣ ማት ቀለም ግን ጥቁርም ሆኖ ትንሽ ይመልሳል።

ግራጫው። ከመድኃኒት ቤት 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ። አንድ ሊትር ነጭ ማት ላይ 2 ሚሊ ሊትር ጥቁር ማቅለሚያ ጨምር፣ አምስት ደቂቃ አማስል፣ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ሁለት እጅ ቀባና አድርቀው። በእርጥቡ አትፍረድ፣ ሲደርቅ ሌላ ነው። ከዚያ አንድ አንድ ሚሊ ሊትር እየጨመርክ በየጊዜው አዲስ ቁራጭ ቀባ፣ ቁጥሩን ከጀርባው ጻፍበት። የማቅለሚያው ጉልበት ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ቁርጥ ያለ ልክ ልሰጥህ አልችልም። ደረቅ ሲሚንቶ ከመሰለ በጣም አልፈሃል፣ ከዚያ በብዙ የነጣ ነው የምትፈልገው።

ጥቁር ብቻውን ነጭ ውስጥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በቢጫ ወይም በቡናማ ማቅለሚያ፣ ጠብታ በጠብታ መልሰው። የደረቁትን ቁራጮች ግድግዳው ላይ ሰቅለህ ነጭ ምስል ከፕሮጀክተሩ አብራባቸውና እያቸው። የቢሮ ወረቀት አጠገብ አድርገህ ፀሐይ ላይ አታወዳድር፤ ወረቀቱ ውስጥ የሚያነጣ ኬሚካል ስላለ ፀሐይ ላይ ሰማያዊ ይላል፣ ከሱ ጋር ስታመሳስል ያንተም ሰማያዊ ይሆናል። የተቀመመውን ሁሉ በአንድ ባልዲ አድርገህ ቀላቅል። ካለቀብህ ያንኑ ቀለም ደግመህ አታገኘውም።

አዘዞ፦

የኔ ቤት ጭቃ ነው፣ ኖራ ተቀብቷል። ተከራይ ነኝ፤ አከራዬ ስቱኮ እንዳትነኪ ብለውኛል። ለኔ ቢጤስ ምን ይሻላል?

ሩሎ፦

ልጄ፣ ኖራው ላይ ቀለም አትቀቢ። የሚያጣብቅ ስኮች ለጥፈሽ ባንዴ ብትነቅዪው ነጭ ዱቄት ይዞ ይመጣል፤ ቀለሙም የሚይዘው ያንን ዱቄት ነው፣ ግድግዳውን አይደለም። ደግሞ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ፕላስቲክ ቀለም አፍኖት እርጥበቱ ሲወጣ ከነኖራው ቅርፊት ሆኖ ይወርዳል። አከራይሽ ልክ ናቸው።

ሰሌዳ ግዢ። ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ) ወይም ኮምፔንሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ነው የሚመጣው። ዙሪያውን 5 ሳንቲ ጥቁር ጠርዝ ትተሽ 199 በ112 ምስል ይወጣዋል፣ ልክ 90 ኢንች። ከቁመቱ ምንም አይባክንም፣ ከርዝመቱ 35 ሳንቲ ይቆረጣል። የኤምዲኤፉ ለስላሳ ፊት ስቱኮ አያስፈልገውም፦ በ220 ቁጥር ዳስሺው፣ ከዚያ ላይ እንዳልኩት ሦስት እጅ ማት። ጀርባውንም ሁለት እጅ ቀቢው፤ አንድ ፊት ብቻ የተቀባ ሰሌዳ በክረምት እርጥበት ከአንድ ወገን ጠጥቶ እንደ ጀልባ ይጎብጣል። የተቆረጠው ጠርዝም ውሃ እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ ይቀባ።

12 ሚሊ ሜትሩ ሙሉው ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። ጭቃው ላይ በሚስማር አይቆምም። ግድግዳውን በጣትሽ አንኳኪ፣ ድምፁ የሚደፍንበት ቦታ ቋሚው ነው፤ ብሎኑን በቋሚው እንጨት ላይ እሰሪ። ቋሚ ካላገኘሽ ጠረጴዛ ላይ አቁመሽ ላዩን ብቻ አስደግፊው። ከቤቱ ስትለቂ ይዘሽው ትሄጃለሽ።

ጨለማ፦

ለተከራይ ሌላም አለ። ባነር የሚያትሙ ማስታወቂያ ቤቶችን ያልታተመ ነጭ በሜትር ይቆርጡልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ጥቅሉ ሰፊ ስለሆነ ስፌት አይኖረውም። የማያብረቀርቀውን ወገን ምረጪ፣ ጀርባው ግራጫ ወይም ጥቁር የሆነው ብርሃን አያሳልፍም። ዙሪያውን በየ20 ሳንቲው ቀለበት አስመቺና በገመድ በአራቱም ወገን ወጥሪው። ከላይ ብቻ የተሰቀለ ባነር ይሸበሸባል፣ ሰው በሩን በከፈተ ቁጥር ምስሉ ይወዛወዛል።

አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ግን ብርሃኑ በክሮቹ መሐል ያልፋል። እንጨት ላይ ወጥረሽ ሁለት እጅ ቀጠን ያለ ማት ብትቀቢው ክሩ ይደፈናል፣ ሲደርቅም ይበልጥ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ግን መጠቅለል አይቻልም፣ ይሰነጠቃል።

ለሁላችሁም አንድ ነገር፣ ከግድግዳው ባይሆንም። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ደህና የሚባሉት ፕሮጀክተሮች በማስተካከያቸው ውስጥ የከፍታ ቦታ የሚል ምርጫ አላቸው፤ አብዛኞቹ ከ1500 ሜትር ጀምሮ አብሩት ይላሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም። ስታበሩት ድምፁ ከፍ ይላል፣ ያ ጤና ነው። ፊልም ሲጋመስ ራሱን የሚያጠፋ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያልተነካለት ነው፤ ካልሆነም ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል።

የማራኪው፦

መጨረሻ ላይ፣ የቡናው ጥግ እዚያው ነው የሚቀረው፣ ማዛወር አልተቻለም። ስክሪኑ ሲቆሽሽ በምን ይጸዳል? ካልጸዳስ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ መቀባት ይቻላል?

ሩሎ፦

በእርጥብ ጨርቅ አታሽ። ማት ቀለም ሲታሽ ይለሰልሳል፣ የታሸው ቦታ ያበራል፤ ቀን አይታይም፣ ማታ ፕሮጀክተሩ ሲበራ እንደ ዘይት ጠብታ ቁጭ ይላል። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ብቻ አራግፍ። ከሰሉና ዕጣኑ ሲጨስ መጋረጃ ነገር ከላይ ልቀቅበት፤ ማሽኑም ቡና በሚፈላበት ሰዓት ይጥፋ፣ ጭሱን ስቦ ሌንሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ቆራርጦ መቀባት አይሆንም። ቀለሙ ያው ጋሎን ቢሆንም አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፣ ዙሪያው ቀለበት ይሠራል። ከጥቁሩ ጠርዝ እስከ ጥቁሩ ጠርዝ ሙሉውን አንድ እጅ ነው የምትደግመው፤ ለ90 ኢንች ከሩብ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ይበቃሃል። ያን የተረፈውን ጋሎን አስቀምጠው ያልኩህ ለዚህ ነው። ስትከፍተው ላዩ ላይ ቆዳ ከሠራ አትቀላቅለው፣ ገፈህ ጣልና አጥልለህ ተጠቀም።